ባለቤቱ ፈርሟል

ጥቅምት 9 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ ለዳኛው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤና ይስጥህ፤ ለማይገባቸው ሁሉ ሲሰጥ አይቻለሁና አንተንም አይነፍግህም። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። መኪናዋ ግን ከኋላ ተጨፍልቃለች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ የለ? ባለፈው ሰኞ ጠዋት አዋላጇን እያሠለጠንኩ ነበር። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች የጤና ጣቢያውን መኪና ይዛ ምጥ የያዛቸውን ከየቤታቸው እንድታመጣ ቃል ተገብቶላታል። ስንት ሕፃን የተቀበለ እጅ መሪ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ዳገቱ ላይ መብራት ያዘንና ቆምን። የእጅ ፍሬን ተስቧል፤ እኔም በኔ በኩል ያለውን ሁለተኛውን ፍሬን ረግጫለሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። በዚህ መሃል አንድ ባለ ከረባት በስልኩ እያወራ መጥቶ ከኋላችን ገባ።

አዋላጇ ጮኸች፤ መሪውን ለቃ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እኔም የለመድኩትን አደረግኩ። «አይዞሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም» አልኳት። ለሠልጣኝ ሁሉ የምለው ነው፤ ታውቃለህ። ሞተር ቢጠፋባቸው፣ ውሻ ቢገባባቸው፣ ዝናብ ቢዘንብባቸው ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ካላልኳቸው በማግስቱ አይመጡም፤ ቢመጡም መሪውን እንደ እባብ ነው የሚይዙት። ባለ ከረባቱ ግን አንገቱን በመስኮት አስግጎ ሰማኝ። ከስልኩ ያልነቀለውን ጆሮ ያኔ አገኘው። ትራፊኩ ሲደርስ «ራሷ አምናለች! ወደ ኋላ ተንሸራታ ነው የመጣችብኝ» አለ። ትራፊኩ «ብለሻል?» ሲለኝ «ብያለሁ» አልኩ፤ ስላልኩ። ለምን እንዳልኩት ላስረዳው ስጀምር ጽፎ ጨርሷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አሁን መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የአሠልጣኝነት ፈቃዴን ይዞታል። ጥፋተኛ ከተባልኩ ይሰረዛል፤ ሠልጣኝ ይዞ አጥፍቶ የተጋጨ አሠልጣኝ ዳግመኛ ሠልጣኝ አያስቀምጥም። እኔ ደግሞ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ታውቃለህ።

አንተ እዚያ ባሕር ማዶ ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሃል። ውሻ በበላበት ይጮኻልና እኔ ላይ አትጩህብኝ እንጂ፣ የትኛውን በር በየትኛው እጅ እንደማንኳኳ ንገረኝ።

እህትህ፣ ሠልጣኞቿ «እትዬ ፍሬን» የሚሏት


ጥቅምት 28 ቀን

በእናት ቦታ ላሳደገችኝ ለእትዬ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። አካልሽ በመትረፉ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ብረት ይጠገናል።

እትዬ፣ እንደ ባለሙያ በግልጽ ልንገርሽ። የተበላሸው መኪናው አይደለም፣ አፍሽ ነው። እኛ ቢሮ የደወለ ሰው «ይቅርታ» የሚለው ቃል ካመለጠው አለቃዬ አውራ ጣቱን ያነሳል። ያ ፋይል አለቀ ማለት ነው። ከአደጋ በኋላ ሰው አፉን ዘግቶ ስልኩን ነው የሚያወጣው። ፎቶ ያነሳል፣ የሰሌዳ ቁጥር ይይዛል፣ ምስክር ይፈልጋል። አንቺ ሠልጣኝ ታባብያለሽ።

የሆነው ሆኗል። የሁለቱንም መኪኖች ጉዳት የሚያሳይ ፎቶ ካለ፣ የትራፊኩን ሪፖርት ሁለቱንም ገጽ፣ የጋራዡን ግምት ላኪልኝ። በስልክ ምንም አትበያቸው፤ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። ያንን ቃል በተመለከተ ደግሞ አላልኩም በዪ። ካልሆነም «ትዝ አይለኝም» በዪ። ሰው ሲደነግጥ ብዙ ነገር ትዝ አይለውም፤ ይህን ውሸት የሚለው የለም።

አንድ ነገር አትርሺ። የመኪናዋ ሊብሬ በኔ ስም ነው፤ ባለቤቷ እኔ ነኝ። ሳታማክሪኝ ምንም አትፈርሚ። ጥቂት ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ለራስሽ አድርጊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 13 ቀን

ለባለሙያው ወንድሜ፤

ሰላም ላንተና ለባለ አውራ ጣቱ አለቃህ ይሁን። የላክኸው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያልከኝን ወረቀትና ፎቶ ሁሉ አብሬ ልኬያለሁ። «አላልኩም በዪ» ያልከውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው አፈርኩልህ። እኔ ነኝ ያሳደግኩህ፤ ይህን ከማን እንደተማርከው ግን አላውቅም።

የመኪናዋ ኢንሹራንስ ዘንድ ሄጄልሃለሁ። መጠበቂያው ክፍል ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት ታስረዋል፤ ማን ሰርቆ ሊሄድ እንደሚችል ራሳቸው ያውቁታል። ግድግዳው ላይ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አቅፈው አዲስ መኪና ተደግፈው ይስቃሉ። እዚያ ከተቀመጥነው መሃል የሚስቅ አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ክፍል መሆን አለበት።

የተመደበልኝ ሰው ማኅተሙን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ባለ ማኅተሙ ብዬዋለሁ።

«እናቴ፣ ዳገት ላይ የቆመ ሠልጣኝ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህ የታወቀ ነው» አለኝ።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ዳገት ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

«እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም» አለ። ቅንጣት አላፈረም። የመኪና ግጭት የሚዳኝ ሰው ነው እንግዲህ!

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። ባለ ከረባቱ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ኖሯል። የኩባንያው መኪኖች በሙሉ ከነሱ ጋር ነው የተዋዋሉት። የኛም መኪና ከነሱ ጋር ናት፤ ግን እሷ አንዲት ናት። እሱን ጥፋተኛ ብለው ማስቀየም አይፈልጉም።

«መውጫ አለዎት» አለኝና «የሠልጣኝ ስህተት» የሚል ቅጽ ገፋልኝ። ሠልጣኟ ከአሠልጣኟ ትእዛዝ ውጭ ፍሬን ለቃ መኪናዋን ወደ ኋላ ለቀቀችው ብሎ አሠልጣኟ ወይም የመኪናው ባለቤት ይፈርማል። እነሱ መኪናዋን ያሠራሉ፣ ፈቃዴ ይመለሳል፣ የባለ ከረባቱ ስም አይነሳም።

«እሷስ?» አልኩት።

«ሁለት ዓመት ለፈተና አትቀርብም። ወጣት ናት፣ ትጠብቃለች።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ቅጹን አጣጥፌ ማኅተሙ ሥር አስቀመጥኩለት።

ቤት ስደርስ አዋላጇ ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «እትዬ፣ ፍሬኑን ለቅቄው ይሆናል። አንቺ ልትሸፍኚልኝ ብለሽ ነው» አለችኝ። ያንን ቃል ለማረጋጋት አልኩት፣ እሷ ግን ምሕረት አድርጋ ሰማችው። አልለቀቅሽም ብዬ ብምልላት አላመነችኝም። ይህ ከመኪናዋ የበለጠ አመመኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምና ጤና እመኝልሻለሁ። የፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ ሒሳብ ስለነበረብን ዘገየሁ፤ ይቅርታሽን።

ያ ቅጽ ስጦታ ነው። ከሙያው ውስጥ ሆኜ ነው የምነግርሽ፤ እንዲህ ያለ መውጫ ለሁሉም አይከፈትም። ሴትዮዋ ራሷ ለቅቄው ይሆናል ካለች፣ አንቺ አልለቀቅሽም ብለሽ የምትምዪው ለምንድን ነው? እሷ የመንግሥት ደመወዝ አላት። አንቺ ያለሽ ያ ፈቃድ ብቻ ነው። ዝም ብለሽ ፈርሚ። አንድ ወር ታዝንብሻለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች።

ደግሞ የትራፊኩ ሪፖርት ሁለተኛው ገጽ ደብዝዞ ነው የደረሰኝ። የሠልጣኟ ስምና የልምምድ ፈቃዷ ቁጥር ያለበት ነው። አጥርተሽ ላኪልኝ። እኔም ከዚህ ሆኜ የምችለውን ልሞክር።

ወንድምሽ


ጥር 8 ቀን

ለወንድሜ ለዳኛው፤

ጤናህ ይብዛ፤ ምክርህ ይነስ። አልፈርምም። እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ይህን ጥያቄ እናንተ ቢሮ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ገብቶኛል፤ ስለዚህ መልሱን ካንተ አልጠብቅም።

ሁለተኛውን ገጽ በደንብ ኮፒ አስነስቼ ልኬልሃለሁ። ከዚያ ሆነህ ልትሞክር ማሰብህ ደስ አሰኝቶኛል። ክፉ ብናገርህም ያው ወንድሜ ነህ።

አሁን ደህና ወሬ ስማ። በየጠዋቱ ከነዚያ የታሰሩ ወንበሮች አንዱ ላይ እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ሹራብ ይዤ ሄጄ እሠራለሁ። ባለ ማኅተሙ ሲገባ «እንደምን አደርክ የኔ ልጅ»፣ ሲወጣ «በደህና ግባ የኔ ልጅ» እለዋለሁ። በመጨረሻ ከኔ ሰላምታ መገላገሉን ሽቶ «ቦታውን ልየው» አለ።

አጠገቤ አስቀምጬ በዚችው በተጨፈለቀች መኪና ዳገቱን አወጣሁት። ለራሴ የምነዳበትን ፈቃድ አልወሰዱብኝም። ባለ ከረባቱ ቆሞበታል ከተባለው ቦታ ባዶ ካርቶን አቆምኩና ፍሬኑን ለቀቅኩ። ባለ ማኅተሙ «ኧረ እናቴ!» ብሎ እጄን ጨመደደኝ። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንሸራታ ካርቶኑን ገፋችው። አውርጄ አሳየሁት፤ ካርቶኑ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም። ከዚያ ወደ ፖርቶ ባጋሊዬ አመለከትኩት። ውስጡ አሁን አንድ ጃኬት አይይዝም።

ላቡን ጠረገ። «ጥፋተኛውን ለሚለየው ኮሚቴ አቀርበዋለሁ» አለኝ፤ ካየሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅተሙን ሳይነካካ ነው የተናገረው። ለአዋላጇ ስነግራት «እና እኔ አላጠፋሁም?» አለችኝ። ፈቃዴ ሲመለስ እንደገና ልምምድ እንጀምራለን አልኳት። ኮሚቴው በየካቲት ይሰበሰባል። ጸልይልኝ፤ ጸሎት የምታስታውስ ከሆነ።

እህትህ


የካቲት 15 ቀን

ለመኪናው ባለቤት፤

ጥር ሙሉ አልጻፍክም። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነበር። ለካ በእርግጥም ሥራ ላይ ነበርክ።

ትናንት ኮሚቴው ይሰበሰባል ብዬ ሄድኩ። ባለ ማኅተሙ ሲያየኝ ፊቱ ክፉኛ ተለዋወጠ። «ስብሰባ የለም፤ ፋይሉ ተዘግቷል። እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

«ማን ዘጋው?»

«ባለቤቱ ፈርሟል።»

ከባሕር ማዶ በፖስታ የመጣውን ቅጽ አምጣ አልኩት፤ አመጣ። ያ አበባ የሚመስለው ፊርማህ አለ፤ ተማሪ ሳለህ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተለማምደኸው ያስገረፈህ። ከበላዩ የአዋላጇ ስም ከነቁጥሯ ተጽፏል። አንዲት ፊደል አልተሳሳትክም። እንዴት ትሳሳታለህ? አጥርቼ ነው የላክሁልህ! በገዛ እጄ፣ በገዛ ገንዘቤ ፖስታ ከፍዬ።

ፈቃዴ ተመልሶልኛል። መኪናዋንም ጋራዥ አስገብተው ከኋላዋ አዲስ አድርገዋታል። አዋላጇ ሁለት ዓመት ለፈተና እንዳትቀርብ ታግዳለች። ጤና ጣቢያው መኪናውን ለመጋዘን ጸሐፊው ሰጥቶታል።

ዛሬ ጠዋት መጣችብኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ በሩን ከፈትኩ። «ማጥፋቴን ድሮም አውቀው ነበር። እስከ ዛሬ ስለሸፈንሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

አየህ ምን እንደሠራህ? አመሰገነችኝ። አንተ ዳኛው፣ ልጅ ሆነህ ሰሃን ስትሰብር ድመቷን ትከስ ነበር። ድመቷ ግን እኔን መጥታ አላመሰገነችኝም።

ምን ብለህ እንደምትመልስ እጠብቃለሁ። ደህና ነገር ይጽፋል ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል እንደወረድክ ልለካው ብዬ ነው።


መጋቢት 18 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ እንደዚያ ያለ ቃል ከእህቴ አልጠብቅም ነበር። ሆኖም ታናሽ ነኝና እታገሣለሁ።

መብቴን ነው የተጠቀምኩት። ሊብሬው የኔ ነው፣ ውሉ በኔ ስም ነው፣ ቅጹ ባለቤቱ ይፈርማል ይላል። ፈቃድሽ ተመለሰ፤ መኪናዋ ተሠራች። ማንን ገደልኩ? አንዲት ባዕድ ሴት ሁለት ዓመት በታክሲ ትሄዳለች። አንቺ ሰው ሁሉ ሠልጣኝሽ ይመስልሻል፤ ለሁሉም ፍሬን ልረግጥ ትያለሽ። እኔ በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ፋይል እዘጋለሁ። ያለቅሳሉ፣ ይራገማሉ፣ በወሩ ድምፃቸው ይጠፋል። ሕይወት እንዲህ ነው የምትሄደው።

ደግሞስ ያ ፈቃድ ቢሰረዝ ኖሮ ማን ሊጦርሽ ነበር? እኔው አይደለሁ? እዚህ ያለው ኑሮ በፎቶ እንደምታዪው አይደለም። እኔም ልጆች አሉኝ፣ የቤት ዕዳ አለብኝ። ይህን ስላልነገርኩሽ የለም ማለት አይደለም።

ቁጣሽ ሲበርድ ሥራሽን ጀምሪ። ሠልጣኝ ስትቀበዪም እባክሽ አፍሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 26 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ፣ ለሚስትህና ለልጆችህ ይሁን። ልጆችህ ምንም አላደረጉኝም፤ ለእነሱ የምልከው ሰላምታ ከልቤ ነው።

በስተመጨረሻ እውነቱን አወጣኸው። ስለ ፈቃዴ አስበህ አልነበረም የፈረምከው፤ ጧሪዬ እንዳትሆን ፈርተህ ነው። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ ብትነግረኝ አዝንልህ ነበር። ድህነቱን የሚናገር ሰው አይናቅም። አንተ ግን ፍርሃትህን ሙያ ብለህ ጠራኸው። አልጠየቅኩህም እኮ፤ ልብ በል፣ መንገድ እንጂ ብር አልጠየቅኩህም።

እኔ ያደረግኩትን ስማ። ፈቃዴን ይዤ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ የፈረመው ሰው ባሕር ማዶ ነበር፣ ሠልጣኟ ፍሬን አልለቀቀችም ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ «እርግጠኛ ነዎት? ይህን ካስገቡ እኮ ለርስዎ ጥሩ አይሆንም» አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት። አስገቢው አልኳት።

በቦታው ያልነበረ ሰው ምስክርነት አይሆንም ብለው ቅጽህን ጣሉት። የአዋላጇ እገዳ ተነሳ። ከዚያ ፋይሉ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ በመጀመሪያው ደግሞ ትራፊኩ የጻፈው የኔ ቃል አለ። ባለ ማኅተሙ ስለ ካርቶኑ ለኮሚቴው ተናግሮ ነበር። ለመናገሩ አመሰግነዋለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር ደግሞ የበለጠ አመሰግነው ነበር። ባለ ከረባቱ ንጹሕ ነው ተባለ፤ እኔ ጥፋተኛ። ፈቃዴ ተሰርዟል። ኢንሹራንሶቹም መኪናዋን ያሠሩበትን ወጪ ከባለቤቱ እንቀበላለን ብለዋል፤ አድራሻህን ጠይቀውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። አጥርቼ ጽፌላቸዋለሁ።

ለአዋላጇ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማን እንደፈረመና ለምን እንደፈረመ ጭምር። ከዚያ «ስለዚህ መንዳት እችላለሁ ማለት ነው» አለች። ስላንተ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እኔ አንድ ገጽ ሙሉ የሞላሁትን እሷ በዝምታ ጨረሰችው።

ሌላ አሠልጣኝ ይዛ ባለፈው ሳምንት ተፈተነች። ፈታኙ በዚያው ዳገት አቆማት። እኔ መኪና ውስጥ ልገባ ስለማልችል ከማዶ ካለው የጫማ ቤት ደጅ ቆሜ አየሁ። ከኋላዋ አንድ የጭነት መኪና ተጠግቶ ጥሩምባውን ይነፋል። አልደነገጠችም፤ ጊዜዋን ወስዳ ተነሳች፤ ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። የጫማ ቤቱ ሰውዬ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለኝ። ፀሐይ ነው አልኩት። ጤና ጣቢያውም መኪናውን ሰጥቷታል፤ የመጋዘን ጸሐፊው ምጥ ባየ ቁጥር ራሱን ይስታል አሉ።

እኔ አሁን አንድ የጭነት መኪኖች ግቢ በር ላይ ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰሌዳ እመዘግባለሁ። ሥራው ይሰለቻል። መሪ ይናፍቀኛል፤ ይህን ላንተ መናገር አልፈለግኩም ነበር፣ ግን እውነት ነው። ቢሆንም የምተዳደርበት አለኝና እኔን ስለ መጦር አትሥጋ። ከሞትኩም የሚቀብረኝ ሰው አላጣም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመኪናህ ቁልፍ አለ። ተሠርታ ካለቀች ወዲህ አላወጣኋትም፤ ዳገቱ ሥር ካለው ጋራዥ ቆማለች፤ እኔ ከእንግዲህ አልነካትም። ጋራዡ ለሚቆም መኪና በቀን በቀኑ ያስከፍላል። «በማን ስም ልያዘው?» ሲለኝ፣ በባለቤቱ አልኩት።

እህትህ